ወለሉ የማን ነው?

ከቢሮዬ ሁለት ሕንፃ ዝቅ ብሎ ፊቱ በሙሉ መስታወት የሆነ ሕንፃ አለ። ከታች ባንክ፣ ከላይ ቢሮዎች፣ ደጁ ላይ ደግሞ ልስልስ ያለ ንጣፍ። ከ12 ሰዓት በኋላ ባንኩ ሲዘጋ ሰባት ስምንት ልጆች ይመጣሉ። የያዙት ትንሽ እስፒከር፣ የተሰነጠቀ ስልክና አንድ ሃይላንድ ውሃ ነው። መስታወቱ ለሕንፃው ባለቤት ጌጥ ነው፤ ለነሱ ግን የልምምድ ክፍል ነው። ራሳቸውን ከእግር እስከ ራስ የሚያዩበት ሌላ መስታወት የላቸውም።

ባለፈው ዓመት አንድ ምሽት ከሥራ ስወጣ ጥበቃው ዱላ ይዞ ሲያባርራቸው ደረስኩ። እስፒከሩን በእግሩ መታው። "ዱርዬ ሁላ! ሥራ ፈት!" ይላል። መንገደኛው ቆሞ ይስቃል። ከልጆቹ ሁሉ ትልቁ፣ ከኋላ ሆኖ ትንንሾቹን የሚሰበስበው፣ አብሮ አደጌ ነው። አንድ ሰፈር ነው ያደግነው፣ አንድ ክፍል፣ አንድ ዴስክ። አየኝ። ጥበቃው ወደኔ ዞረና፣ አንገቴ ላይ ያለውን ባጅ አይቶ መሰለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "አለቃ፣ ያውቋቸዋል እንዴ?" አለኝ።

"አይ፣ እኔ ሳልፍ ነው" አልኩ።

ዶሮ አልጮኸም እንጂ የቀረው ሁሉ ነበር።

ይህን የምጽፈው ንስሐ ለመግባት ብቻ አይደለም። ያን ቀን ያዋረድኩት አንድ ጓደኛዬን ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ነገሩን ሳስበው እንደ ከተማ በየቀኑ የምናደርገው ያንኑ ሆኖ አገኘሁት። ሰው ሲያያቸው አናውቃቸውም። ፈረንጅ ሲያጨበጭብላቸው "የኛ ልጆች!" እንላለን።

እስቲ ከራሴ ልጀምር።

እኔና እሱ ዘጠነኛ ክፍል እያለን አብረን ነበር የምንደንሰው። ኢንተርኔት ቤት ሄደን የአንድ ሰዓት እንከፍልና ቪዲዮ በፍላሽ እናወርዳለን። ቤት ወስደን ፍጥነቱን በግማሽ ቀንሰን እግር በእግር እንቆጥራለን። አንድ እንቅስቃሴ ለመያዝ ሁለት ሳምንት ይፈጅብን ነበር። አሥረኛ ክፍል ላይ አባቴ "ወይ ትምህርትህን ወይ ጭፈራህን" አለኝ፤ ትምህርቴን መረጥኩ። አምስት ዓመት ኤሌክትሪካል ምህንድስና ተምሬ ተመረቅኩ። ዛሬ እንጀራ የምበላበትን ኮድ መጻፍ ግን ያስተማረኝ ዩኒቨርሲቲው አይደለም። ሌሊት ሌሊት፣ በማታ ፓኬጅ፣ አንድ ህንዳዊ ዩቲዩብ ላይ ሲያስረዳ በግማሽ ፍጥነት እያየሁ ነው የተማርኩት።

ያው ስልክ፣ ያው ግማሽ ፍጥነት፣ ያው ሺህ ጊዜ መውደቅ። እኔ ስወድቅ "ችግሩን እየፈለገ ነው" ይባላል። እሱ ሲወድቅ "ምን ያንደባልለዋል?" ይባላል። እናቴ ሥራዬ ምን እንደሆነ እስካሁን አልገባትም፤ ለጎረቤት "ኮምፒውተር ይጠግናል" ነው የምትለው። ግን ትኮራብኛለች። የእሱ እናት ልጇ ምን እንደሚሠራ በደንብ ታውቃለች፤ ጎረቤት ሲጠይቃት ግን "ሥራ እየፈለገ ነው" ትላለች። ልዩነቱን ያመጣው ልፋቱ አይደለም። የኔ ልፋት ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚለፋ መሆኑ ነው።

የመጀመሪያው ክርክር ሁሌም "ይሄ ባህላችን አይደለም" የሚል ነው። እሺ፣ ብሬኪንግ ብሮንክስ ውስጥ ነው የተወለደው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነሐሴ 11 ቀን 1973 ኩል ኸርክ የሚባል ከጃማይካ የመጣ የ18 ዓመት ዲጄ እህቱ ያዘጋጀችው ድግስ ላይ ሙዚቃ አጫወተ። ይህ ልጅ አንድ ነገር አስተውሏል፤ የሚደንሱት ልጆች የሚጠብቁት ዘፋኙ ዝም ብሎ ከበሮው ብቻ የሚቀርበትን ቦታ ነው። ያ ቦታ ደግሞ አጭር ነው። ስለዚህ አንድ ዓይነት ሁለት ሸክላ በሁለት ማጫወቻ ላይ አድርጎ፣ አንዱ ሲያልቅ ሌላውን ወደ ኋላ እየመለሰ ከበሮውን ያስረዝመው ጀመር። እኛ ፕሮግራመሮች ይህን ነገር ሉፕ እንለዋለን። ሰውየው ያለ ኮምፒውተር ሠርቶታል።

ታዲያ ከውጭ መጣ ብለን የምንጥለው ከሆነ ጃቫስክሪፕትም ከላሊበላ አልወጣም። ከረባቱም፣ ኳሱም፣ የሠርጉ ኬክም ከውጭ ነው የመጣው። ማንም ግን ኳስ የሚጫወትን ልጅ "ባህላችን አይደለም" ብሎ በዱላ አያባርርም።

ደግሞስ መንገድ ላይ መጨፈር መቼ ነው ባዕድ የሆነብን? ለቡሄ በየደጁ ዱላ እያወረዱ ሆያ ሆዬ የሚሉት ልጆች ምንድን ናቸው? አውራጅ አላቸው፣ ተቀባይ አላቸው፣ ምት አላቸው፣ ተለማምደው ነው የሚመጡት፤ ሙልሙል ወይ ብር ተቀብለው ይሄዳሉ። ጥምቀት ላይ ታቦት አጅቦ ጎዳናውን ሞልቶ የሚጨፍረው ወጣት ማን ነው? ማህሌቱን ከመንገድ ዳንስ ጋር ላስተካክል አይደለም፤ አቋቋም የሚማር ደብተራ ግን ለመቋሚያውና ለጸናጽሉ እንቅስቃሴ ዓመታት እንደሚከፍል የማያውቅ የቤተክርስቲያን ልጅ የለም። ሰውነትን ማንቀሳቀስ ትምህርት እንደሆነ ይህ አገር ከማንም በፊት ያውቃል። የረሳነው መንገድ ላይ ሲሆን ነው።

ልጆቹን ቆም ብላችሁ ካያችኋቸው ሌላም ነገር ታያላችሁ። ፖፒንጉ መሃል ትከሻ ይመጣል። የሚሰበረው አንገት፣ የሚመታው ደረት ከየትም ቪዲዮ የወረደ አይደለም። አያቶቻቸው ሠርግ ላይ ያዩት ነው።

ሁለተኛው ክርክር "ዱርዬዎች ናቸው" የሚለው ነው። አንዳንዴ መንገድ ይዘጋሉ? አዎ። ድምፅ ያበዛሉ? አዎ፣ እንዲቀንሱ ይነገራቸው። ከመካከላቸው የሚቅም አለ? ይኖራል። የሥራ ቀነ ገደብ ሲደርስ ላፕቶፑ ላይ ጎንበስ ብሎ የሚቅም ዲቨሎፐር ደግሞ በጣቴ ቆጥሬ አልጨርስም፤ እሱን ግን "ባለሙያ" እንጂ "ዱርዬ" ሲሉት ሰምቼ አላውቅም።

ሴት ከሆነች ደግሞ ሌላ ስም አለን፤ እዚህ አልጽፈውም፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከጓደኛዬ ግሩፕ ሁለት ሴቶች አሉ። ረጅም ቀሚስ ለብሰው ከቤት ይወጣሉ፤ ሱሪው ቦርሳ ውስጥ ነው። ቤት "ጥናት" ነው የተባለው። ወንዱ ቢበዛ ሥራ ፈት ይባላል፤ የእነሱ ግን ክብራቸው ነው ጥያቄ ውስጥ የሚገባው። አንዷ እግሯ ሲወለም ለእናቷ "ደረጃ ላይ ወድቄ ነው" አለች። ለአንድ ልምምድ ሁለት ጊዜ መዋሸት የሚጠበቅባት ልጅ ሰነፍ ናት ብሎ የሚከራከረኝ ካለ ይምጣ።

ሦስተኛው ክርክር የአባቴ ነው፤ "ምን ይበላሉ?" የሚለው። ይህን አልንቀውም። አባቴ ያየውን ድህነት አይቼ ስለማላውቅ። ግን ድህነትን መፍራት አንድ ነገር ነው፣ ድሃ ይሆናል ብሎ ሰውን መናቅ ሌላ ነገር ነው። ደግሞ ልጆቹ የማይበሉት ሥራ ስለሌለ አይደለም። ሥራ አለ፤ ክሊፕ፣ ማስታወቂያ፣ ሠርግ፣ የምርት ማስተዋወቂያ። ከጠዋት እስከ ማታ ይቀረጹና ምሳ ተጋብዘው፣ ትራንስፖርት ተሰጥቷቸው "እናንተም ትታወቃላችሁ" ይባላሉ። ክሊፑ ሲለቀቅ የዘፋኙ ስም አለ፣ የዳይሬክተሩ አለ፣ የካሜራው አለ፣ የሜካፑ አለ። ከኋላ የነበሩት ስምንቱ ስም የላቸውም። እኔን አንድ ደንበኛ "አፑን ሥራልኝ፣ ምሳ እጋብዝሃለሁ" ቢለኝ ስክሪንሾቱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ቴሌግራም ላይ መሳቂያ ይሆን ነበር። ከፋዩ የማይከፍልበትን ሥራ "ምን ይበሉበታል?" ብሎ መናቅ ምን ማለት ነው?

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። ከነዚህ ሁሉ የሚብስብኝ የተቃዋሚዎቻቸው ክርክር አይደለም። የደጋፊዎቻቸው ነው። "እድል ቢሰጣቸው እኮ አገር ያስጠራሉ!" የሚለው።

ታሪኩን እንየው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1996 ሮይስተን ማልዱም የሚባል እንግሊዛዊ የዳንስ ባለሙያ አዲስ አበባ መጥቶ መቶ ያህል የጎዳና ልጆችን በካርሚና ቡራና ሙዚቃ መድረክ ላይ አወጣ። ከዚያ ሥራ አዱኛ የዳንስ ቲያትር ተወለደ። ከአዱኛ የወጣው ጁነይድ ጀማል በ2004 በሮሌክስ የኪነጥበብ ፕሮግራም ተመርጦ ሳቡሮ ተሺጋዋራ ከሚባለው ጃፓናዊ ጋር ሠራ። መላኩ በላይ ልጅነቱን ጎዳና ላይ አሳልፎ፣ ፈንድቃ አዝማሪ ቤት ለጉርሻ እየጨፈረ ጀምሮ፣ እስክስታን ይዞ ዓለምን ዞረ፤ የፈረንሳይ መንግሥት ኒሻን ሰጠው።

በነዚህ ሰዎች እኮራለሁ። ግን ዝርዝሩን ድጋሚ አንብቡት። መምህሩ እንግሊዛዊ፣ አማካሪው ጃፓናዊ፣ ሰዓት ሠሪው የስዊስ፣ ኒሻኑ የፈረንሳይ። ልጆቹ የኛ፣ ጎዳናው የኛ። ዓይኑ ግን የሰው። እኛ የት ነበርን? ከመንገደኛው ጋር ቆመን እየሳቅን ነበር። ወይ እንደኔ "ሳልፍ ነው" እያልን።

"አገር ያስጠራሉ" የሚለው ክርክር ሌላም ጣጣ አለው። ብሬኪንግ በ2024 ፓሪስ ላይ ኦሊምፒክ ገባ፤ በሴቶች የጃፓኗ አሚ፣ በወንዶች የካናዳው ፊል ዊዛርድ አሸነፉ። ያኔ ስንቱ ሰው "አያችሁ፣ ስፖርት ነው እኮ!" ሲል ሰማሁ። በ2028 ሎስ አንጀለስ ላይ ግን ብሬኪንግ የለም። እና አሁን ምን ልንላቸው ነው? ለአንድ ክረምት ስፖርተኛ ነበራችሁ፣ ተመልሳችሁ ዱርዬ ሁኑ? የአንድ ልጅ ሰውነት ክብር በውጭ ኮሚቴ ስብሰባ የሚሰጥና የሚነሳ ከሆነ መጀመሪያውኑ አልሰጠነውም።

ይህ በሽታ ደግሞ ዛሬ አልጀመረም። አንጥረኛውን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ሸማኔውን እየሰደብን በሠሩት ማረሻ ስናርስ፣ በሠሩት ድስት ስንበላ፣ በሸመኑት ስንለብስ ነው የኖርነው። አዝማሪን ደግሞ ሠርጋችን ላይ ጠርተን፣ ግንባሩ ላይ ብር ለጥፈን፣ ማግስቱን ስሙን ስድብ እናደርገዋለን። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ፋሺስቱ እንዲገደሉ ካዘዘባቸው ሰዎች መካከል አዝማሪዎች ነበሩበት። ጠላት የናቅነው ሰው ምን አቅም እንዳለው ገብቶት ነበር። ለእኛ ለባለቤቶቹ ነው ያልገባን።

እኔ ልጆቹ አገር እንዲያስጠሩ አልፈልግም። ከፈለጉ ያስጥሩ። የምጠይቀው ሦስት ተራ ነገር ነው። ወለል፣ ገንዘብ፣ ስም። ማታ ተዘግቶ የሚያድር የትምህርት ቤት አዳራሽ ያለው ሰው ሁለት ሰዓት ይክፈትላቸው። ክሊፕ የሚሠራ ሰው ከመቅረጹ በፊት ዋጋ ይነጋገር፣ ሲለቅ ስማቸውን ይጻፍ። እናንተ ደግሞ፣ ስልካችሁ ላይ ልብ የምትጫኑት፣ ያንኑ ልጅ መንገድ ላይ ስታዩት ቦርሳችሁን ወደ ደረታችሁ አትሰብስቡ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ጓደኛዬን ፈልጌ ሄድኩ። ይቅርታ ልለው ስጀምር አቋረጠኝ። "ለኔ ተወው፣ እኔ አውቅሃለሁ። ለነሱ ንገራቸው፤ እነሱ ናቸው የሰሙህ" አለኝ። ዞርኩ። ልጆቹ ቆመው ያዩኛል። ጉሮሮዬ ደርቆ የሆነውን ነገርኳቸው፣ እንደማውቀው፣ አብሬው እደንስ እንደነበር፣ እንዳፈርኩ። አሥራ አራት ዓመት ቢሆነው ነው፣ አንዱ፣ "እና አሁን ታውቀናለህ?" አለኝ። "አዎ" አልኩት። "በቃ ጥበቃውን አናግርልና፣ ብሮ።"

አናገርኩት። "እኔ የታዘዝኩትን ነው" አለኝ፤ እውነቱን ነው፣ እሱም ሌሊቱን ሙሉ የሚቆመው ለትንሽ ደሞዝ ነው። ለሕንፃው አስተዳደር ደብዳቤ ጻፍኩ። ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት፣ ድምፅ ተቀንሶ፣ ቦታው ተጠርጎ፣ ኃላፊነቱን እኔ ወስጄ። ስሜንና የሥራ ቦታዬን ከታች ጻፍኩበት። ከአራት ወር በላይ ሆነው፣ መልስ የለም።

አሁን የሚለማመዱት ከሕንፃው ጀርባ፣ መኪና በሚቆምበት ሻካራ ሲሚንቶ ላይ ነው። መስታወት ስለሌለ አንዱ ይቀርጽና ሌሎቹ ስልኩን ከበው ያያሉ። ማክሰኞና ሐሙስ ከሥራ ስወጣ የምቀርጸው እኔ ነኝ። የሁሉም ጉልበት ተልጧል።