ሃምሳ ሎሚና የኢኮኖሚክስ መምህር

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፤ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላል ያገራችን ሰው። ግብር ማለት ምን እንደ ሆነ ከዚህ ባጠረ ቃል ማስረዳት የሚቻል አይመስለንም። ዳሩ ግን ይህን ተረት እየሰማ ያደገ ተማሪ፣ የዚሁ ነገር ትምህርት በክፍል ውስጥ ሲቀርብለት እንግዳ ይሆንበታል። እንግዳነቱ ለመምህሩም የተረፈ እንደ ሆነ ግን ነገሩ ያሳስባል።

እንደሚታወቀው በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ኢኮኖሚክስ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ይሰጣል፤ ከፍ ባለውም ክፍል ስለ መንግሥት ገቢና ወጪ፣ ስለ ግብርም ይነገራል። መምህሩ ከዚህ ሲደርሱ ልባቸው የሚያመነታበት ምክንያት ሁለት ይመስለናል። አንደኛው፣ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስለ ሆነ ቃሉ ከኑሮ ርቆ መታየቱ ነው። ሁለተኛው፣ ተማሪው ተነሥቶ «ገንዘቡ የት ገባ?» ብሎ የጠየቀ እንደ ሆነ መልሱ ፖለቲካ እንዳይሆን መፍራት ነው።

የመጀመሪያው ችግር መድኃኒት አለው። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለውን መጽሐፋቸውን የጻፉት በአማርኛ ነው፤ ከሞቱም በኋላ በ1916 ዓ.ም. ታትሟል። እንግዲህ ስለ አገር ሀብት በራሳችን ቋንቋ ማሰብ ትናንት የተጀመረ ነገር አይደለም። ለባሕር ዳር መምህር ደግሞ ምሳሌው ከደጃፉ ነው። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመት አለው፤ ይህን ማን ብቻውን ሊሠራው ይችላል? በ2003 ዓ.ም. ገደማ በጣና ላይ የታየው እምቦጭም እንዲሁ ነው። አንድ ዓሣ አስጋሪ በገንዘቡ አረሙን ቢያስነቅል፣ ጥቅሙ ምንም ላላወጣው ጎረቤቱ ሁሉ ይደርሳል፤ ስለዚህ ሁሉም እርስ በርሱ እየተያየ ይቀመጣል። የጋራ ወጪ ለምን የጋራ መዋጮ እንደሚሻ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምዕራፍ የለም። ሒሳቡንም ከሱቅ ደረሰኝ ማሳየት ይቻላል፤ 1,000 ብር በሚያወጣ ዕቃ ላይ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ 150 ብር ነው።

ሁለተኛው ችግር ግን ይከብዳል። የሆነ ሆኖ ዝምታ ከነገር ያድናል ማለት ስሕተት መሆኑን ይኸው የጎጃም ምድር ይመሰክራል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ በወጣ ጊዜ ገበሬው መሬቱ ሲገመት ርስቱ የሚወሰድበት መሰለው፤ በሹማምንቱም ላይ ቅሬታ ነበረው። በሞጣና በዳሞት ሕዝቡ ተነሣ፤ ጦርም ዘመተ፤ በመጨረሻ መንግሥት ግብሩን በጎጃም ማስፈጸሙን ለመተው ተገደደ። ቅሬታው በትምህርት ብቻ ይወገድ ነበር አንልም። ነገር ግን ለምን እንደሚከፍል፣ የከፈለውም ለምን እንደሚውል ያልተነገረው ሰው ቢጠራጠር ከቶ ምን ይገርማል?

ስለዚህ «ገንዘቡ የት ገባ?» የሚለው ጥያቄ የትምህርቱ ፍሬ እንጂ የትምህርቱ እንቅፋት አይደለም። መምህሩም መልሱን ሁሉ እንዲያውቁ አይጠበቅባቸውም፤ «አብረን እንፈልገው» ለማለት ግን ነጻነት ሊኖራቸው ይገባል። ይህንንም ብቻቸውን አይችሉትም። በ1965 ዓ.ም. ገደማ ከተቋቋመው ከፔዳጎጂ አካዳሚ የመምህራንን ሥልጠና የወረሰው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ወጣት መምህራንን በጀት ማንበብ ቢያለማምዳቸው፤ የከተማው የገንዘብና የገቢዎች መሥሪያ ቤቶችም የዓመቱን ገቢና ወጪ በቀላል አማርኛ ጽፈው ለትምህርት ቤቶች ቢያድሉ፣ ሠራተኞቻቸውም ከክፍል ገብተው ለተማሪ ጥያቄ መልስ ቢሰጡ ወጪው ጥቂት ነው። የሕዝብን ገንዘብ የሚይዝ ሰው የ16 ዓመት ልጅ ጥያቄ ሊከብደው አይገባም።

መምህሩ በልበ ሙሉነት ያስተምሩ ከተባለ፣ አስቀድሞ መልስ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት ከጀርባቸው ይቁም። የሃምሳው ሎሚ ሸክም ለመምህሩ ብቻ የተተወ እንደ ሆነ ግን ተረቱን ገና አልተማርነውም ማለት ነው።