መታወቂያ ወረቀትና ጐረቤት

ባህልና ጐሣ በራሳቸው የሕዝብ ጠላቶች አይደሉም፤ ጠላት የሚሆኑት የሥልጣን መሣሪያ ሲደረጉ ነው። ለዚህም የሩዋንዳ ታሪክ ምስክራችን ነው።

ሁቱ፣ ቱትሲና ትዋ አንድ ቋንቋ እየተናገሩ፣ በአንድ ኮረብታ ጐን ለጐን የኖሩ ናቸው። በመካከላቸው የነበረውን የማዕረግ ልዩነት የቤልጅግ ቅኝ ገዥዎች በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በመታወቂያ ወረቀት ላይ አስፍረው ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ፣ የማይፋቅ ማኅተም አደረጉት። በ1962 (እ.ኤ.አ.) ነፃነት ከተገኘ በኋላ ሥልጣን የያዙትም ወረቀቱን በመቅደድ ፈንታ የትምህርትና የሥራ ኮታ ማከፋፈያ አደረጉት። በ1994 (እ.ኤ.አ.) በየኬላው የሞት ፍርድ የተሰጠው ያንኑ ወረቀት በማየት ነበር።

ከእልቂቱ በኋላ አገሪቱ ጐረቤት በሣር ላይ ተቀምጦ የሚዳኝበትን ጋቻቻ የተባለ ጥንታዊ ሸንጎ አደሰች። ሸንጎው በ2012 (እ.ኤ.አ.) እስኪዘጋ ድረስ ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጉ ጉዳዮችን ተመለከተ። ይሁንና የአሸናፊውን ወገን ጥፋት እንዲመረምር አልተፈቀደለትም። ባህል ለፍትሕ የሚያገለግለው ለሁሉም እኩል ሲሠራ ብቻ መሆኑ ከዚህ ግልጽ ነው።

ስለዚህ በየቀበሌውና በየፋብሪካው የምንገኝ ሁላችን፣ ሥራም ሆነ እርዳታ ለማደል ስም ዝርዝር ሲዘጋጅ «ወገኑ ማነው?» የሚል ጥያቄ ከተነሣ፣ «መልሱ ለምን ይፈለጋል?» ብለን አስቀድመን መጠየቅ ይገባናል።