የሰው ወርቅ አያደምቅም፤ የኮሌጁ መጽሐፍ የማን ነው?



ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያስገደደችኝ መምህርነት ከማሠለጥናቸው ተማሪዎች አንዷ ናት። ቀን ትማራለች፣ ማታ በአረጋውያን ቤት ትሠራለች። ከሥራ ስትመለስ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ሆኗል፤ በማግስቱ ፈተና አለባት። የግዴታ ንባብ የሆነውን መጽሐፍ ከሚክላላው ሲፍሪያ በስልኳ ልትከፍት ብትሞክር «መጽሐፉ በሌላ አንባቢ ተይዟል፣ ቆይተው ይሞክሩ» የሚል ጽሑፍ ወጣባት። እስከ ሰባት ሰዓት ሞከረች፣ አልተከፈተም። በክፍሉ 40 ተማሪ አለ፤ ለ40ው የተገዛው ፈቃድ ግን በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ የሚያስገባ ነበር። ጠዋት «አላነበብኩም» ስትለኝ እንደ ሰነፍ አንገቷን ደፋች። ሰነፏ ግን እሷ አልነበረችም።

የወረቀት መጽሐፍ አንድ ቅጂ ብቻ ሲኖር አንዱ እስኪጨርስ ሌላው ይጠብቃል፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ግን ሺህ ሰው በአንድ ጊዜ ቢያነበው አያልቅም፣ አይቀደድም። ቁልፉን ያበጀለት ሻጩ ነው። ያው አንድ መጽሐፍ ለአንድ አንባቢ፣ ለሦስት አንባቢ፣ ወይም ቁጥሩ ላልተወሰነ አንባቢ እየተባለ በተለያየ ዋጋ ይሸጣል። ስለዚህ ያቺን ልጅ የመለሳት ማሽኑ ሳይሆን በቢሮ ውስጥ የተፈረመ ውል ነው።

የውሉስ ጉዳት በማን ላይ ይወድቃል? ገንዘብ ያለው ተማሪ መጽሐፉን ገዝቶ ያነባል። አባቱ ምሁር የሆነ ከቤቱ መደርደሪያ ያወጣል። የእኛ ልጆች ግን ከሲፍሪያው ሌላ መደርደሪያ የላቸውም። «ይህ የባለሙያዎች ጉዳይ ነው» የሚሉንን ሰምተን ዝም የማንለውም ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ ይብሳል። ሲፍሪያው መጽሐፉን የሚያገኘው በሁለት መንገድ ነው፤ አንዱ ለዘለቄታው መግዛት፣ ሌላው በየዓመቱ እየከፈሉ መከራየት ነው። ኪራይ የሆነ እንደሆነ ክፍያው በቆመ ማግስት መጽሐፉም ይሄዳል። ክፍያው ሳይቆምም ሊሄድ ይችላል። በ2022 ዊሊ የተባለው አሳታሚ ከ1,300 በላይ መጻሕፍቱን ፕሮክዌስት ለዩኒቨርሲቲዎች ከሚያከራየው ስብስብ ውስጥ አወጣ። ይህም የሆነው ትምህርት በሚጀመርበት ሰሞን ነው። መምህራንና የሲፍሪያ ሠራተኞች ስለጮኹ ለጊዜው መለሳቸው። ልብ በሉ፤ የተመለሱት ስለ ጮኹ ነው።

በ2025 ደግሞ ፕሮክዌስትን በ2021 ከ5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከፍሎ የገዛው ክላሪቬት መጻሕፍትን ለዘለቄታ መሸጥ ሊያቆምና በኪራይ ብቻ ሊያቀርብ መወሰኑን አስታወቀ። ተቃውሞ ሲበዛበት ቀኑን እስከ ጁን 2026 ገፋው እንጂ ሐሳቡን አልተወም። ተወዳዳሪው ኤብስኮ በበኩሉ ለዘለቄታ መሸጡን እንደሚቀጥል አሳወቀ። እንግዲህ ሻጭ ሁሉ አንድ አይደለም፤ የምንመርጠው ሻጭ ልጆቻችን ነገ የሚያነቡትን ይወስናል።

ነገሩ ሩቅ አገር ያለ አይምሰላችሁ። በኢየሩሳሌም የተመሠረተውን፣ የሲፍሪያዎችን የካታሎግና የግዢ ፕሮግራም የሚሠራውን ኤክስ ሊብሪስን ፕሮክዌስት በ2015 ገዝቶታል። መጽሐፉን የሚያቀርበውና ግዢው የሚመዘገብበትን ፕሮግራም የሚሠራው በአንድ ባለቤት እጅ ሲገቡ፣ ሲፍሪያው «አልስማማም» ለማለት አቅሙ ያንሳል።

በሌላ ወገን የሚቀርበውን ክርክር አውቀዋለሁ። «በጀታችን ትንሽ ነው፤ በኪራይ ብዙ ሺህ መጻሕፍት በርካሽ እናገኛለን» ይላሉ። ውሸት አይደለም። ለምርምር ወዲያና ወዲህ ለሚያገላብጥ ሰው የኪራይ ስብስብ ይጠቅማል። ነገር ግን ፈተና የሚወጣበት የግዴታ መጽሐፍ በኪራይ መያዝ የለበትም። ለማንም የማይነበቡ ብዙ ሺህ ርዕሶችን በሪፖርት ላይ ከመቁጠር፣ ሁሉም ተማሪ የሚከፍታቸውን 200 መጻሕፍት የራስ ማድረግ ይሻላል። ያለ ቁልፍ መሸጥ አይቻልም የሚለንም አያታልለን። ሽፕሪንገር የተባለው ትልቅ አሳታሚ በራሱ ድረ ገጽ በኩል ለሲፍሪያዎች የሚሸጣቸውን መጻሕፍት ያለ ቁልፍና ያለ አንባቢ ቁጥር ገደብ ያቀርባል።

ቋንቋውም ይታሰብ። የመምህርነት ተማሪ አብዛኛውን የሚያነበው በዕብራይስጥ ነው። የእንግሊዝኛ ስብስብ ብዛት እሱን አይመግበውም። ማታሕ የሚያዘጋጀው «ኮታር» የዕብራይስጥ የጥናት መጻሕፍትን በኢንተርኔት ያቀርባል። በጀት ሲከፋፈል የዕብራይስጡ ድርሻ ስንት እንደሆነ መጠየቅ ይገባል።

ስለዚህ ልጆቻችሁ የሚማሩበት ሚክላላ ከሻጭ ጋር ውል ከመፈረሙ በፊት እነዚህን አምስት ጥያቄዎች በጽሑፍ አቅርቡ፤

አንደኛ፦ መጽሐፉ ለዘለቄታው የእኛ ነው ወይስ የዓመት ኪራይ?
ሁለተኛ፦ በአንድ ጊዜ ስንት ተማሪ ይከፍተዋል?
ሦስተኛ፦ ስንት ገጽ ማተምና ወደ ስልክ ማውረድ ይፈቀዳል? ኢንተርኔት በሌለበትስ ይነበባል?
አራተኛ፦ ሻጩ ቢሸጥ፣ ቢዘጋ ወይም አሳታሚው ቢወጣ የገዛነው መጽሐፍ የት ይገኛል?
አምስተኛ፦ ከግዴታ ንባቦች ውስጥ ስንቱ በውሉ ውስጥ አለ? በዕብራይስጥስ ስንቱ?

ተማሪዎች፣ መልሱን በአጉዳ በኩል ጠይቁ፤ ማታ የሚሠሩ ተማሪዎች ተወካይም በምርጫው ኮሚቴ ውስጥ ይቀመጥ። ወላጆች፣ «እኔ ኮምፒዩተር አላውቅም» አትበሉ። የኪራይ ቤትና የራስ ቤት ልዩነት ከእናንተ የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ ጥያቄውም ይኸው ነው። ስለ እኛ ያለ እኛ የተፈረመ ውል ምን እንደሚያስከትል በሌላ ጉዳይ አይተናል። ውሉ ከተፈረመ በኋላ ማልቀስ ዋጋ የለውም። ሳይቃጠል በቅጠል!