ከቆርቆሮው በታች፦ የሲቀላ ሌሊትና በሴንሰር የሚመራ ማራገቢያ

አርባ ምንጭ በሁለት ከፍታዎች ላይ የተዘረጋች ከተማ መሆኗ ይታወቃል። ሴቻ ከላይ በተረተሩ ላይ፣ ሲቀላ ደግሞ ከታች በስምጥ ሸለቆው ወለል ላይ ይገኛሉ። በመካከላቸው ያለው ርቀት ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሆንም የአየራቸው ልዩነት በቴርሞሜትር ሳይለካ የሚታወቅ ነው። በተለይ ከጥር እስከ መጋቢት ባሉት ደረቅ ወራት የሲቀላ የቀን ሙቀት ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይወጣል፤ የሚያዝያ ዝናብ እስኪገባ ድረስም የንግድ ቤቱ፣ የመማሪያ ክፍሉና የመኖሪያ ቤቱ ዋነኛ ጥያቄ ጥላና ነፋሻ አየር ይሆናል።

ይሁን እንጂ የነዋሪው ችግር የሚበረታው በቀትር ሳይሆን ወደ ማታ ነው። ቀን ላይ ከዛፍ ጥላ ሥር መቀመጥ ይቻላል። ማታ ግን ሰው ወደ ቤቱ ይገባል፤ ቤቱ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው የዋለ የቆርቆሮ ክዳን ያለው ነው። የሣር ክዳን ሙቀትን ወደ ውስጥ በቀላሉ አያሳልፍም ነበር። ቆርቆሮ ዝናብን በመከላከልና በዕድሜው ርዝመት የሚመረጥ ቢሆንም፣ ኮርኒስ ከሌለው ወይም ኮርኒሱ ስስ ጨርቅና ማዳበሪያ ከሆነ ከሥሩ ያለውን ክፍል እንደ ምጣድ ያግለዋል። የብሎኬት ግድግዳም ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ መልሶ ይለቃል። በመሆኑም ውጪው ቀዝቀዝ ካለ በኋላ እንኳ የመኝታ ክፍሉ ለብዙ ሰዓታት እንደሞቀ ይቆያል።

የዚህ ሁኔታ የተለመደው መፍትሔ በተለምዶ ቬንቲሌተር ወይም ፋን የሚባለው ማራገቢያ ነው። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ማራገቢያን ከሙቀት፣ ከእርጥበትና ከእንቅስቃሴ ሴንሰሮች ጋር አያይዞ ራሱን በራሱ እንዲያበራ፣ ፍጥነቱን እንዲለዋውጥና እንዲያጠፋ የማድረግ አሠራር በዓለም ገበያ ተስፋፍቷል። ሙቀት የሚለካ አነስተኛ ሴንሰር፣ ልኬቱን ተቀብሎ ትእዛዝ የሚሰጥ ማይክሮ ኮንትሮለር፣ ትእዛዙን የሚፈጽም ሪሌይ፤ የመሣሪያው አካላት በጥቅሉ እነዚህ ናቸው። በምህንድስና ተማሪዎች የመመረቂያ ፕሮጀክቶች ዘንድም አዲስ ነገር አይደለም። ሊጠየቅ የሚገባው ነገር መሥራት አለመሥራቱ ሳይሆን በሲቀላ ዓይነት ቤት ውስጥ ለማን፣ በምን ሰዓትና ለምን ዓላማ እንደሚሠራ ነው።

ብዙውን ጊዜ በቅድሚያ የሚነሳው ጥቅም የኃይል ቁጠባ ነው። ስሌቱ ግን ከሚጠበቀው የተለየ ውጤት ያሳያል። 70 ዋት የሚወስድ የተለመደ የጣሪያ ማራገቢያ በየሌሊቱ ለ10 ሰዓት ቢሠራ በወር 21 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ሴንሰር ተገጥሞለት በየሌሊቱ 3 ሰዓት ያህል ቢያሳርፈው በወር 6.3 ኪሎዋት ሰዓት ይተርፋል። በሌላ በኩል፣ ምንም ሴንሰር ሳይኖር ሞተሩ ብቻ ካርቦን ብሩሽ በሌለው ቀጥተኛ ጅረት ሞተር ቢተካና ፍጆታው 30 ዋት ቢሆን፣ ያው 10 ሰዓት በወር 9 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ይጠይቃል፤ ቁጠባው 12 ኪሎዋት ሰዓት ነው ማለት ነው። በዚህ በተሻሻለው ሞተር ላይ ሴንሰር ሲጨመር የሚገኘው ተጨማሪ ቁጠባ 2.7 ኪሎዋት ሰዓት ሲሆን፣ መቆጣጠሪያው ራሱ ቀንና ሌሊት 1 ዋት የሚወስድ ከሆነ 0.7 ያህሉን መልሶ ይበላዋል። ቁጠባን ብቻ የሚሻ ቤተሰብ እንግዲህ ገንዘቡን በቅድሚያ ማዋል ያለበት ሞተሩ ላይ ነው። ሕንድ ከጎርጎሮሳውያን 2023 ጥር ጀምሮ በጣሪያ ማራገቢያዎች ላይ የኃይል ብቃት ደረጃ የሚያሳይ ምልክት እንዲለጠፍ ያስገደደችውም ትኩረቷን ሞተሩ ላይ አድርጋ ነው።

ቁጥሮቹ ትንሽ ቢመስሉም ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ ትርጉማቸው ቀላል አይደለም። የአገራችን የመኖሪያ ቤት የኤሌክትሪክ ታሪፍ እርከን በእርከን የሚያድግ ሲሆን፣ በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ደንበኛ ዝቅተኛውን ዋጋ ይከፍላል። ለአምፖል፣ ለቴሌቪዥንና ለስልክ 35 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤተሰብ የ70 ዋት ማራገቢያ ሲጨምር 56 ይደርስና ከእርከኑ ያልፋል፤ የ30 ዋቱን ከመረጠ ግን 44 ላይ ይቆያል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ታሪፉ በየደረጃው እየተሻሻለ የሚሄድ በመሆኑ ይህ ልዩነት ከዓመት ዓመት ይበልጥ የሚሰማ ይሆናል። ለንጽጽር ያህል፣ 1,200 ዋት የሚወስድ ኤሲ መጭመቂያው ሳያቋርጥ በየሌሊቱ 8 ሰዓት ቢሠራ በወር 288 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የአገሪቱን የማመንጨት አቅም በእጅጉ ያሳደገ ቢሆንም፣ የአንድ ሰፈር ትራንስፎርመርና የአንድ ቤት ኪስ በግድቡ ልክ አያድጉም።

ታዲያ ሴንሰሩ ዋነኛ ፋይዳው ቁጠባ ካልሆነ ምንድን ነው? መልሱ እንቅልፍ ነው።

የሲቀላ ሌሊት ከቀኑ በብዙ ዲግሪ የሚቀዘቅዝ ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ በሙሉ ፍጥነት ካልዞረ እፎይታ የማይሰጠው ማራገቢያ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ በዚያው ፍጥነት ሲነፍስ ሕፃኑንና አረጋዊውን ያስበርዳል። ስለዚህ ከቤተሰቡ አንዱ፣ አብዛኛውን ጊዜ እናት፣ ከእንቅልፏ ተነሥታ ታጠፋዋለች፤ ቶሎ ያጠፋችው እንደሆነም ሙቀቱ ይመለሳል። በሙቀት ሴንሰር የሚመራ ማራገቢያ ይህን ሥራ ሊረከብ ይችላል። ለምሳሌ ክፍሉ 28 ዲግሪ ሲሆን በከፍተኛ፣ 26 ሲደርስ በመካከለኛ ፍጥነት እንዲሠራና ከ24 በታች ሲወርድ እንዲቆም ማዘዝ ይቻላል። በማብሪያውና በማጥፊያው ነጥብ መካከል የ1 ወይም የ2 ዲግሪ ክፍተት መተው ግን ግድ ነው፤ አለዚያ መሣሪያው በየደቂቃው እየበራና እየጠፋ እንቅልፍ ይነሳል።

የእንቅስቃሴ ሴንሰርን በተመለከተ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በገበያ ላይ በስፋት የሚገኘውና ርካሹ ዓይነት የሚሠራው የሰውነት ሙቀት ከቦታ ቦታ ሲንቀሳቀስ በመለየት ነው። ለቢሮና ለመማሪያ ክፍል ይህ ተገቢ ነው፤ ማራገቢያ አየሩን የሚያቀዘቅዝ ሳይሆን ላብን በማትነን ሰውን የሚያቀዘቅዝ በመሆኑ በባዶ ክፍል ውስጥ መዞሩ ብክነት ነው፤ እንዲያውም ሞተሩ ለክፍሉ ጥቂት ሙቀት ይጨምርለታል። የተኛ ሰው ግን አይንቀሳቀስም። ሴንሰሩ ክፍሉን ባዶ ነው ብሎ ይቆጥረውና ማራገቢያውን ያጠፋዋል፤ ሰውየው በላብ ተነክሮ ሲገላበጥ ደግሞ መልሶ ያበራዋል። እስትንፋስን የሚያህል ጥቃቅን እንቅስቃሴ የሚለዩ የራዳር ሴንሰሮች ቢኖሩም፣ ለመኝታ ክፍል ቀላሉ መንገድ የእንቅስቃሴ ሴንሰሩን ማታ አቦዝኖ በሙቀትና በሰዓት ብቻ መመራት ነው።

የእንቅልፉ ጉዳይ ከምቾት ያለፈ የጤና ጉዳይ የሚሆነው በወባ ምክንያት ነው። የአርባ ምንጭ ዙሪያ ቆላማ አካባቢዎች ለወባ የተጋለጡ ናቸው። በአገር አቀፍ ደረጃም በጎርጎሮሳውያን 2024 ከጥር እስከ ጥቅምት 20 ድረስ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን መመዝገባቸውን የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል። ሙቀት አጎበር ላለመጠቀም በተደጋጋሚ ከሚሰጡት ምክንያቶች አንዱ መሆኑን ደግሞ በተለያዩ አገሮች የተካሄዱ ጥናቶች አሳይተዋል። አጎበር ነፋስን ይቀንሳል፤ በሞቀ ክፍል ውስጥ የተኛ ሰው ሌሊት ላይ ገልጦት ቢወጣ አይደንቅም። ከዚህ አንጻር አጎበሩ ውስጥ የሚደርስ ነፋስ የሚሰጥ ማራገቢያ የአጎበሩ አጋዥ ነው። አተካከሉ ግን መታሰብ አለበት። ከጣሪያ በአንድ ነጥብ የሚንጠለጠል አጎበርና የጣሪያ ማራገቢያ በአንድ አልጋ ላይ አይስማሙም፤ ጨርቁ በምላጩ ሊያዝ ይችላል። አጎበሩን በአራት ማዕዘኑ ከግድግዳ ጋር ማሰር፣ ወይም ጣሪያው ዝቅተኛ ከሆነ የግድግዳ ማራገቢያ መምረጥ ይሻላል። የጣሪያ ማራገቢያም መንጠልጠል ያለበት ከኮርኒሱ ሳይሆን ከወራጁ ነው፤ የጨርቅ ኮርኒስ የሚሽከረከር ክብደት አይሸከምም።

በሲቀላ ከሁሉ ይበልጥ ሊሠራበት የሚገባው፣ ነገር ግን ብዙም የማይነሳው አማራጭ የውጪውን የሌሊት አየር ወደ ቤት ማስገባት ነው። ሁለት የሙቀት ሴንሰሮች፣ አንዱ ውስጥ ሌላው ውጪ ይደረጋሉ። የውጪው ከውስጡ ቀዝቀዝ ባለ ጊዜ ከጣሪያው ሥር የተገጠመ ትንሽ አየር ማስወጫ ይነሣና የሞቀውን አየር ይገፋል፤ በምትኩ ቀዝቃዛው በታች በኩል ይገባል። ይህ ሰውን ብቻ ሳይሆን ግድግዳውንም ስለሚያቀዘቅዝ ጥቅሙ እስከ ማግስቱ ረፋድ ይዘልቃል። ሕዝቡ መስኮቱን ከፍቶ የማያድረው በሌባና በትንኝ ሥጋት በመሆኑ፣ መግቢያውም መውጫውም በብረትና በወንፊት ሽቦ የተሸፈነ መሆን ይኖርበታል። በአርባ ምንጭ አቅራቢያ በምትገኘው ጫኖ ሚሌ ቀበሌ የተካሄደውና በጎርጎሮሳውያን 2013 የታተመው ጥናት በርና መስኮትን በወንፊት መሸፈን ወደ ቤት የሚገባውን የወባ ትንኝ ቁጥር እንደሚቀንስ አረጋግጧል። ወንፊቱ ባለበት ቤት የማታው ነፋስ ያለ ሥጋት ይገባል፤ ወንፊት በሌለበት ግን ሴንሰሩ መስኮት እንዲከፈት መምከሩ ጉዳት አለው።

ሴንሰሩ የሚቀመጥበት ቦታም ውጤቱን ይወስናል። ከቆርቆሮው አጠገብ የተገጠመ ሴንሰር የጣሪያውን ትኩሳት እንጂ የተኛውን ሰው ሁኔታ አይለካም፤ በአልጋ ከፍታ፣ ፀሐይ ከማይመታው የውስጥ ግድግዳ ላይ መሆን ይኖርበታል። ያም ሆኖ ሴንሰሩ የሚያነበው የአየሩን ሙቀት ብቻ ነው። ከጋለ ቆርቆሮ በቀጥታ የሚወርደውን ግለት ስለማያይ 29 ዲግሪ የሚል ክፍል ለገላ ከዚያ በላይ ሊሰማ ይችላል። በዚህ ምክንያት ቆርቆሮውን ነጭ ቀለም መቀባት፣ ደህና ኮርኒስ ማበጀትና በምዕራብ በኩል ጥላ የሚሰጥ ዛፍ መትከል ከማንኛውም መሣሪያ ግዢ መቅደም ያለባቸው ሥራዎች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ40 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ማራገቢያ መጠቀም እንደማይመከር ማስታወቁም መዘንጋት የለበትም፤ ይህ ለሲቀላ የተለመደ ልኬት ባይሆንም ለአፋርና ለመሰል በረሃማ ቆላዎች ግን እውነተኛ ማስጠንቀቂያ ነው።

መብራት የሚቆራረጥ መሆኑ ሌላው የንድፍ መስፈርት ነው። ከውጪ ገበያ የሚመጡ አንዳንድ መሣሪያዎች መብራት ጠፍቶ ሲመለስ እንደጠፉ ይቀራሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ያለ ኢንተርኔት ትእዛዝ አይቀበሉም። ለአገራችን ቤት የሚስማማው ውሳኔውን በራሱ ሰሌዳ ላይ የሚሰጥ፣ ኃይል ሲመለስ ወደነበረበት የሚመለስና ሴንሰሩ ቢበላሽ በግድግዳ ማብሪያ ማጥፊያ እንደ ቀድሞው የሚታዘዝ መሣሪያ ነው። ቀጥተኛ ጅረት ሞተር ያላቸው ማራገቢያዎች መካከልም በ12 ቮልት ባትሪና በሶላር ፓነል የሚሠሩ ስላሉ፣ በመብራት መጥፋት ወቅት ብቻ ሳይሆን የኃይል መስመር ባልደረሰባቸው የጋሞ ቆላ ቀበሌዎችም አገልግሎት ሊሰጡ ይችላሉ።

ከኢንተርኔት ጋር የሚገናኙትን በተመለከተ ጥያቄው የመረጃም ነው። ቤት ውስጥ ሰው መኖሩንና አለመኖሩን የሚመዘግብ ሴንሰር ቤቱ መቼ ባዶ እንደሚሆን ያውቃል ማለት ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግለሰቦችን መረጃ ለሚሰበስቡ አካላት ግዴታዎችን ደንግጓል፤ ይሁን እንጂ ገዢው በመሣሪያው ሳጥን ላይ የሚያነበው ዋጋውንና ዋቱን እንጂ መረጃው ወዴት እንደሚሄድ አይደለም። የኃይል ብቃትን በተመለከተም የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 ለኃይል ቁጠባ ሥራ የሕግ መሠረት ጥሏል። በዚህ መሠረት ላይ ማራገቢያዎች የፍጆታ ምልክት እንዲኖራቸው ቢደረግ፣ በሲቀላ ገበያ ውስጥ የ70 ዋቱንና የ30 ዋቱን ጎን ለጎን አይቶ መምረጥ የሚችል ሸማች ይኖራል፤ ዛሬ ሁለቱም በቀለማቸውና በምላጫቸው ብዛት ነው የሚሸጡት።

የሙከራ ሥራ ለማካሄድ ከአርባ ምንጭ የተሻለ ቦታ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ሞቃቱና ነፋሻው የከተማዋ ክፍል በጥቂት ኪሎ ሜትር ተለያይተው ይገኛሉ፤ በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የተመሠረተው አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲም የኤሌክትሪክም ሆነ የወባ ተመራማሪዎችን ይዟል። መለካት ያለበትም የቆጣሪው ንባብ ብቻ አይሆንም። ከጥር እስከ መጋቢት፣ ከዚያም ዝናቡ ከገባ በኋላ፣ በቆርቆሮ ሥር ያለው የመኝታ ክፍል በየሰዓቱ ስንት ዲግሪ እንደሆነ፣ ቤተሰቡ ስንት ሌሊት አጎበሩ ውስጥ እንዳደረ፣ እናትየዋም ማራገቢያውን ለማጥፋት ስንት ጊዜ እንደተነሣች አብሮ መመዝገብ አለበት።