የተቆላ ቡና አይበቅልም

የዛሬው ጽሑፌ ከሥነ ጽሑፍ የራቀ ሊመስላችሁ ይችላል። ስለ ፋይል ነውና፤ በቤት ኮምፒውተር የድምፅ ፋይልን ከአንዱ ዓይነት ወደ ሌላው ስለ መቀየር። ታግሣችሁ ብታነቡኝ ግን ነገሩ ከግጥምና ከተረት የማይለይ መሆኑን ታዩታላችሁ። ቃሉን በወረቀት ላይ ላላሰፈረ ሕዝብ ድምፁ ብራናው ነው። ብራናውን የሚሸራርፍ ሰው ደግሞ፣ በእጁ መቀስ ቢይዝም ኮምፒውተር ቢይዝም፣ ያው ሸራራፊ ነው።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ነውና ከምኖርባት ከቦንጋ ልጀምር። በዚህች ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች ሣጥኑ ቢከፈት፣ ቆጡ ቢፈተሽ፣ ካሴት አይጠፋም። የሠርግ ዘፈን፣ የለቅሶ እንጉርጉሮ፣ የአዛውንት ተረት፣ የዘር ሐረግ ቆጠራ በስድሳና በዘጠና ደቂቃ ካሴት ተቀድቶ ተቀምጧል። ቋንቋው ካፊኖኖ ነው። «ኖኖ» አፍ ማለት ነው፤ በአማርኛም ቋንቋን «አፍ» እንደምንለው። ካፊኖኖ በላቲን ፊደል እየተጻፈ ወደ ትምህርት ቤት የገባው ከእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው፣ የታቶዎቹ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1897 የተማረከው የመጨረሻው ንጉሥ የጋኪ ሸሮቾ ነገር፣ የውጭ አገር ተጓዦችና ጥቂት ጸሐፍት ካሰፈሩት በቀር የተላለፈው ከአፍ ወደ ጆሮ ነው። እንግዲህ በእነዚያ ካሴቶች ላይ ያለው ዘፈን ብቻ አይደለም፤ ቤተ መጻሕፍት ነው።

ይህ ቤተ መጻሕፍት ዛሬ ምን እየሆነ ነው? ካሴቱ በቴፕ ይከፈታል፤ ቴፑ በሽቦ ከኮምፒውተር ጋር ይያያዛል፤ «ቦታ እንዳይፈጅ» ተብሎ ድምፁ በቀጥታ ወደ ኤምፒ3 ይገባል፤ ያውም በሴኮንድ 64 ኪሎቢት። ከዚያ ወደ ሜሞሪ፣ ከሜሞሪ ወደ ስልክ፣ ከስልክ ወደ ሌላ ስልክ። አንዱ «ድምፁ አነሰ» ብሎ ከፍ ያደርገውና እንደገና በኤምፒ3 ያስቀምጠዋል። ሌላው መግቢያውን ቆርጦ እንደገና ያስቀምጠዋል። ካሴቱስ? «ኮምፒውተር ላይ አለ» ተብሎ ይጣላል።

ዘፈን በሚጫንበት አንድ ሱቅ ውስጥ ይህንኑ ሳነሣ ወጣቱ፣ «ጋሼ፣ ዋናው መሰማቱ ነው እኮ!» አለኝ።

«ለማን ነው የሚሰማው፣ ልጄ?»

«ለሰው ነዋ!»

«ለየትኛው ሰው? ዛሬ ላለው ወይስ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ለሚመጣው?»

ሳቀና ሥራውን ቀጠለ። አልፈርድበትም፤ እንጀራው ነው፤ ደንበኛው የጠየቀውን ይጭናል። የእኔ ሙግት ከእርሱ ጋር አይደለም። ሙግቴ ይህችኑ «ዋናው መሰማቱ ነው» የምትል አባባል ተቀብለን ከምንኖር፣ መጽሐፍ እንወዳለን፣ ቅርስ እናከብራለን ከምንል ከእኛው ጋር ነው። የአንድ ድርሳን ገልባጭ ብራና ለመቆጠብ ብሎ ከየመስመሩ ሦስት ሦስት ቃል ቢዘል «ዋናው መነበቡ ነው» ብለን እናልፈው ነበርን?

ኤምፒ3 ምን እንደሚሠራ ማወቅ ይገባል። በጀርመን አገር በፍራውንሆፈር ተቋም፣ ካርልሃይንዝ ብራንደንቡርግና ባልደረቦቹ ብዙ የደከሙበት ጥበብ ነው፤ ዛሬ የምናውቀውን የፋይል መጠሪያ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። ብልሃቱ በጆሮአችን ድክመት ላይ የተመሠረተ ነው። ብርቱ ድምፅ ሲሰማ አጠገቡ ያለው ደካማ ድምፅ ይሸፈናል፤ ጆሮ አይለየውም። ስለዚህ ኮምፒውተሩ «ይህ አይሰማም» ብሎ የፈረደበትን ይጥላል፤ የቀረውን ጠቅልሎ ያስቀምጣል። በሲዲ መጠን የተቀዳ ድምፅ በሴኮንድ 1,411 ኪሎቢት ይፈጃል። ኤምፒ3 በ128 ኪሎቢት ሲሠራ ከዚያ የሚይዘው አንድ አሥራ አንደኛውን ነው፤ በ64 ሲሠራ የዚያኑ ግማሽ። ለመስማት ድንቅ ነገር ነው፤ እኔም እሰማበታለሁ። ለማኖር ግን አልተሠራም።

እስቲ ይህን ፈራጅ ወደ ካፋ ዘፈን አምጡት። አቀንቃኙ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያወጣል፤ ከኋላው ተቀባዩ ሕዝብ አለ፤ ከሕዝቡ መካከል አንዲት አሮጊት ዝቅ ባለ ድምፅ የራሳቸውን ስንኝ ጣል ያደርጋሉ። ለቀመሩ አቀንቃኙ ብርቱ ነው፤ የአሮጊቷ ስንኝ ደካማ ነው። በጠበበ ፋይል ውስጥ በመጀመሪያ የሚጎዳው ማን እንደሆነ መገመት አያዳግትም። በዚህ ላይ የአሮጌ ካሴት «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ አለ። ይህ ዓይነቱ ሥርዓት የሌለው ድምፅ ለመጠቅለል እጅግ ያስቸግራል፤ ኮምፒውተሩ ያችን የተሰጠችውን ጥቂት ቢት ለሽሽታው ሲያባክን ለቃሉ የሚተርፈው ይቀንሳል። ስለዚህ ካሴቱ ባረጀ ቁጥር ሰፋ ያለ ቦታ ሊሰጠው ሲገባ፣ እኛ «አሮጌ ነው፣ ይብቃው» ብለን እናጠብበታለን።

የስልኩ ደግሞ ይባስ። ብዙ ቀደምት ስልኮች ድምፅ የሚቀዱት ኤኤምአር በሚባል ዓይነት ነበር። ይህ ለስልክ ንግግር የተበጀ ነው፤ በሴኮንድ 8,000 ናሙና ብቻ ይወስዳልና ከ4,000 ኸርዝ በላይ ያለው ድምፅ ፈጽሞ አይገባበትም። «ሰ» እና «ሸ» ልዩነታቸው በአመዛኙ የሚታወቀው ደግሞ በዚያ ከፍታ ላይ ነው። ቀመሩም የተሠራው ለአንድ ተናጋሪ ስለሆነ ብዙ ሰው አብሮ ሲዘፍን ድምፁን ያደባልቀዋል። ካፊኖኖ የድምፅ ከፍታና ዝቅታ፣ የአናባቢ ርዝመትና እጥረት ፍቺ የሚለውጥበት፣ እንደ አማርኛ ሁሉ ፈንጂ ተነባቢዎች ያሉት ቋንቋ ነው። እንዲህ ያለውን ረቂቅ አንደበት በስልክ ወንፊት ማጥለል ቀላል ነገር ነውን?

አንዳንዱ ብልህ «ታዲያ ወደ ዌቭ እቀይረዋለሁ፣ ጥራቱ ይመለሳል» ይላል። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ! ኤምፒ3ን ወደ ዌቭ መቀየር ፋይሉን ያሳብጠዋል እንጂ የተጣለውን አይመልሰውም። እኛ የካፋ ሰዎች ደግሞ ይህን ለመረዳት መሐንዲስ መሆን አያሻንም። ኤምፒ3 የተቆላ ቡና ነው። ይወቀጣል፣ ይፈላል፣ መዓዛው ያውዳል፣ እንግዳ ይስተናገድበታል። ነገር ግን የተቆላ ቡና ቢተክሉት አይበቅልም። ለችግኝ የሚሆነው እሳት ያልነካው ፍሬ ነው። ከተቆላው ላይ ደግሞ እንደገና ሲቆላ፣ ማለትም ከኤምፒ3 ወደ ኤምፒ3 ሲገለበጥ፣ የሚቀረው ከሰል ነው።

ተቃዋሚዎቼ የሚያነሡት ሦስት ነገር ነው። መጀመሪያ፣ «ቦታ የለንም» ይላሉ። እንቁጠረዋ። የስድሳ ደቂቃ ካሴት በሲዲ መጠን በዌቭ ሲቀዳ 635 ሜጋባይት ገደማ ይፈጃል። 64 ጊጋባይት የሚይዝ አንድ ፍላሽ እንዲህ ያለ መቶ ካሴት ገደማ ይይዛል። ፍላክ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣውና በነፃ የሚገኘው ዓይነት ደግሞ ድምፁን ብዙ ጊዜ ወደ ግማሽ ያህል ያሳንሰዋል፤ ሲፈታም አንዲት ነጥብ ሳትጎድል ይመልሰዋል። በአንድ መንደር ያለ የካሴት ሀብት ሁሉ በኪስ ከሚያዝ ነገር ላይ ይሰፍራል። «ቦታ የለንም» ማለት ፍላሽ ርካሽ ባልነበረበት ዘመን ምክንያት ነበር፤ ዛሬ ሰበብ ነው።

ሁለተኛ፣ «ጆሮ ልዩነቱን አይለየውም» ይላሉ። የዛሬ ጆሮ፣ በዛሬ ስልክ፣ በገበያ መካከል ላይለየው ይችላል። ነገር ግን የነገውን ጆሮ ማን አየው? ጆን ሌነን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ በቤቱ ሆኖ በካሴት የቀዳት አንዲት ዘፈን ነበረች። በ1995 ጓደኞቹ ሊሠሯት ሞክረው ነበር፤ የካሴቱ እምምታ አስቸገራቸው፤ ፒያኖውም ድምፁን ሸፈነባቸው፤ ተዉአት። ከዓመታት በኋላ ግን ድምፅን ከድምፅ የሚለይ የኮምፒውተር ጥበብ መጣና የሌነን ድምፅ ከፒያኖው ተለይቶ ጠርቶ ወጣ፤ ዘፈኗም በ2023 ለዓለም ተሰማች። በ1995 ያልተቻለው በ2023 ተቻለ። ለምን? ቅጂው ተጠብቆ ቆይቷልና። የእኛን አሮጊት ስንኝም ነገ የሚመጣ ጥበብ ከአቀንቃኙ ጥላ ሥር ሊያወጣት ይችላል። ይህ የሚሆነው ግን ስንኟ በፋይሉ ውስጥ ካለች ብቻ ነው። የሌለውን ማንም አያወጣውም።

ሦስተኛውና የሚያሳዝነኝ፣ «ከመጥፋት ይሻላል» የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ሌላ መንገድ በሌለበት ቦታ ይሻላል። በስልክ ብቻ የተቀዳ ነገር ካለ እርሱኑ ሳይነኩ ማኖር ይገባል። ዳሩ ግን ካሴቱ በእጅ እያለ፣ ቴፑ እየሠራ፣ በአንድ ምርጫ ልዩነት ሙሉውን ማስቀመጥ እየተቻለ «ከመጥፋት ይሻላል» ማለት ቤቱ ሳይቃጠል አመዱን መሰብሰብ ነው። ጊዜውም አጭር ነው። የዓለም የድምፅና የምስል ቤተ መዛግብት ባለሙያዎች ማኅበር ከዩኔስኮ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2019 ባካሄደው ጥናት ያስጠነቀቀው ይህንኑ ነው፤ የካሴት ክሩ ብቻ ሳይሆን ማጫወቻውና መለዋወጫው ከዓለም እየጠፋ ነው። ቴፕ የሚጠግን ሰው ዛሬ በየከተማው ስንት ቀረ?

እዚህ ላይ ወደ ጫካችን ልመለስ። ዩኔስኮ የካፋን ደን እ.ኤ.አ. በ2010 የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ አድርጎ ሲመዘግበው፣ ትልቁ ምክንያት የጫካ ቡናው ልዩ ልዩ ዘር በዚያ መኖሩ ነበር። ማንም «ቡናውን ቆልተን በከረጢት አስቀምጠነዋል፤ ጫካው ይመንጠር» አላለም። ቢል እብድ እንለው ነበር። ስለ ማንኪራ ቡና እንግዳ በመጣ ቁጥር አፋችን ሞልቶ እንናገራለን፤ ለቡና በከተማችን ሙዚየም ቆሞለታል። ለፍሬው ይህን ያህል ካወቅን፣ ያንን ፍሬ ለቅመው፣ በዘፈን አወድሰው፣ በተረት አውርተው ላለፉት ሰዎች ድምፅ ምነው ቆይውን መረጥንላቸው?

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ካሴት ያላችሁ፣ ከኮምፒውተር ጋር ስታያይዙ ሽቦውን ከማይክሮፎኑ ቀዳዳ ሳይሆን ለድምፅ መስመር ከተሠራው ቀዳዳ ሰክታችሁ፣ የቴፑን ራስ በአልኮል ጠርጋችሁ፣ በዌቭ ወይም በፍላክ ቅዱ። ባለሙያዎቹ 48,000 ናሙናና 24 ቢት ቢያንስ ይላሉ፤ ኮምፒውተራችሁ ይህን ካልቻለ የሲዲው መጠን ይሁን። በዚያ ፋይል ላይ ምንም አትቁረጡ፤ ሽሽታውንም አታጥፉ፤ ሽሽታ ማጥፊያው ብዙ ጊዜ የሰውን ትንፋሽ ይዞ ይሄዳልና። ለወዳጅ የሚላከውን ኤምፒ3 ከእርሱ ገልብጡ፤ የፈለጋችሁትን ያህል ቁሉ፣ ውቀጡ፣ አፍሉ። የዘፋኙን ስም፣ ቦታውንና ዓመቱን ጻፉበት፤ ስም የሌለው ድምፅ ሽፋኑ የተገነጠለ መጽሐፍ ነው። በሁለት ቦታ አኑሩት። ካሴቱንም አትጣሉት።

ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1908 በጀርመን አገር ድምፁን በሸክላ አስቀርጾ ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎት ድምፁ ዛሬም ይሰማል፤ ሸክላውን ያኖረ ሰው ነበረና። ከእርሱ በኋላ ቴፕ መጣ፣ ካሴት መጣ፣ ሲዲ መጣ፣ ኤምፒ3 መጣ፤ ኤምፒ3ም በተራው ያልፋል። በእያንዳንዱ መሸጋገሪያ ላይ አንድ ሰው ተቀምጦ ምን ይለፍ፣ ምን ይቅር ብሎ ይወስናል። በካፋ ያ ሰው ዛሬ በቤቱ ኮምፒውተር ፊት የተቀመጠ፣ ስሙ የማይታወቅ ሰው ነው። እርሱ ገልባጭ ነው፤ የዘመናችን ቁም ጸሐፊ ነው። ከቁም ጸሐፊ የሚጠበቀው ደግሞ አንድ ነገር ነው፤ ያየውን ሁሉ፣ ያልገባውንም ጭምር፣ ሳያጎድል ማስተላለፍ።