ጣፋጭ ሁሉ ጠጅ አይደለም

ለመሆኑ የጠጅ መልካምነት በጣፋጭነቱ ይለካል ያለው ማን ነው?

በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ተቀምጬ ነበር። መደርደሪያው ላይ ቴኪላ በየዓይነቱ ተደርድሯል፤ ወጣቱ አስተናጋጅም የትኛው በበርሜል እንደቆየ፣ የትኛው እንዳልቆየ አሳምሮ ይተነትናል። ጠጅ እንዳለ ስጠይቀው ግን «አለ፤ በጣም ጣፋጭ ነው» ከማለት ሌላ ቃል አልነበረውም። የቀረበልኝም ማር ያልሸተተው፣ የጌሾ ምሬት የሌለው፣ ቀለም የገባበት የስኳር ውኃ ነበር። ጥፋቱ የልጁ አይደለም፤ ማጣጣምን ከዕውቀት ቆጥረን ያላስተማርነው የእኛ ነው።

«ጣዕም እንደየሰዉ ነው፤ አይመዘንም» የሚሉ ወገኖች አሉ። እነዚህ ሰዎች የሚኖሩባትን ከተማ አያውቋትም። ሐዋሳ ቡና ተቀምሶ ደረጃ የሚወጣለት ከተማ ናት። ቀማሹ መዓዛውን፣ ኮምጣጣነቱን፣ ጣፋጭነቱንና ክብደቱን ለይቶ ነጥብ ይሰጣል። በ2020 እ.ኤ.አ. ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ የተባለው ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ በኢትዮጵያ ሲካሄድ አንደኛ የወጣው የሲዳማ ቡና ነበር። ያሸነፈውም የባለቤቱ ስም ተሸፍኖ ተቀምሶ ነው። ታዲያ ለቡና የሠራ ምላስ ለጠጅ ሲሆን ለምን ይደንዛል?

የቴኪላስ አገር ምን አደረገች? ሜክሲኮ በ1974 እ.ኤ.አ. የመጠጧን ስም በሕግ አስከበረች። ከስኳሩ ቢያንስ 51 በመቶው ከሰማያዊው አጋቬ ካልተገኘ ቴኪላ አይባልም። እዚያም ቢሆን ዐዋቂ ቀማሽ በጣፋጭነት አይታለልም፤ አረቄ ሲወጣ ስኳር ተከትሎት አይወጣምና፣ ከልክ ያለፈ ጣፋጭነት ሲያጋጥመው ሽሮፕ ተጨምሮ እንደሆነ ይጠረጥራል።

እኛ ግን መመዘኛውን ከማንም አንዋስም፤ ከእጃችን አለ። ለስላሳ፣ መካከለኛ፣ ደረቅ የሚሉትን ቃላት ያወጣው ጠጅ ቤት ነው። ለስላሳው ገና ስኳሩን ያልጨረሰ ነው፤ ደረቁ ማሩን ለእርሾ አስረክቦ የበረታ ነው። በሁለቱም ውስጥ የማሩ መዓዛና የጌሾው ምሬት ሊደማመጡ ይገባል። ጠጅ የምትጥል እናት ይህን በአፍንጫዋ ታውቀዋለች፤ ብርሌውን ወደ ብርሃን አንሥታ እንደ ዶሮ ዓይን መጥራቱን ታያለች። ይህ ሂስ ካልሆነ ሂስ ምንድን ነው?

«ማር ተወዷል፤ ስኳር ካልገባ አያዋጣም» ይባላል። ይሁን፤ የስኳሩ በስሙ ይሸጥ! የስኳር ውኃ ጠጅ ተብሎ በተሸጠ ቁጥር ግን ከሲዳማ ደጋ ማሩን የሚያወርደው ንብ አርቢ ዋጋውን፣ በንጹሕ ማር የምትጥለው ሴት ደንበኛዋን፣ ጠጪው ደግሞ ምላሱን ያጣል። ምላሱን ያጣ ሕዝብ የቀረበለትን ሁሉ ያመሰግናል። በመድረካችንስ ላይ ስኳር የበዛበት ግጥምና ተውኔት የሚጨበጨብለት በዚሁ ምክንያት አይደለምን?

ስለዚህ የባህል ኃላፊዎች፣ መምህራንና ከያንያን ሆይ! የጠጅ ቅምሻ በሐዋሳ ይዘጋጅ። ብርሌዎቹ ያለ ስም ይቅረቡ። ዳኞቹም ዕድሜያቸውን በጋን ሥር ያሳለፉ እናቶች ይሁኑ። እኛ ደብተር ይዘን ከእግራቸው ሥር እንቀመጥ፤ ቃላቸውንም እንጻፍ። ያን ጊዜ ያ ወጣት አስተናጋጅ «ጣፋጭ ነው» ከማለት አልፎ የሚናገረው ይኖረዋል።