የአንድ ከተማ ፍቅር እንዴት መጣ፥ እንዴትስ ሄደ

ባለፈው እሑድ ወደ ማታ በቀሐ ወንዝ ዳር ስናልፍ፥ ከዛፍ ጥላ ሥር የተቀመጡ አንድ የምናከብራቸው ሽማግሌ ጠሩን። እኒህ ሰው በዕድሜ አባታችን፥ በጉርብትናም ዘመዳችን ናቸውና እንዳይነሡልን ለምነን አጠገባቸው ተቀመጥን። ስለ ዝናሙና ስለ እህሉ ጥቂት ከተነጋገርን በኋላ፥ «ልጄ፥ አንተ የፊደልም የችሎትም ሰው ነህና አንድ ነገር ልጠይቅህ። የመጨረሻው ልጄ ኮሌጅ ከገባ ወዲህ ኳስ ወደ ቅርጫት ሲወረውር ይውላል አሉኝ። ልከልክለውን፥ ወይስ ልተወው?» አሉን።

እኛም ወዲያው ለመመለስ አልደፈርንም። ያላጣሩትን ነገር መፍረድ በሥራችንም የተከለከለ ነውና የአንድ ሳምንት ቀጠሮ ለምነን ተለያየን። ይህን የመሰለውን ጥያቄ ሌሎችም ወላጆች እንደሚጠይቁ ስለምናውቅ፥ ያገኘነውን ነገር በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ልንገልጸው ወደድን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አገራችን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ጨዋታ በራሱ የሚነቀፍ ነገር አይደለም። እኛም ዳዊት የምንደግም ተማሪዎች ሳለን፥ የገና ዕለት ጫፉ የቆለመመ በትር ይዘን ሩሯን ስናሳድድ ስንት ጊዜ ቅልጥማችን ተመትቷል! በዚያ ቀን ጌታና ሎሌ በአንድ ሜዳ ላይ ይጋጠሙ ነበር፤ በዚያ ቀን ስለ ደረሰው ምትም መቀየም ነውር ነበር። ስለዚህ አባቶቻችን ጨዋታን ያውቁ ነበር፤ ልኩንም ያውቁ ነበር።

የቅርጫት ኳስም የተወለደው ከትምህርት ቤት ነው። በታኅሣሥ 1884 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በስፕሪንግፊልድ ከተማ ጄምስ ናይስሚዝ የሚባል መምህር ነበረ። ክረምቱ በርትቶ ተማሪዎቹ በሜዳ መጫወት ስላልቻሉ፥ በአዳራሽ ውስጥ የሚያሠራቸውን ነገር እንዲፈልግ አለቃው አዘዘው። እርሱም ሁለት የኮክ ፍሬ መልቀሚያ ቅርጫቶች በአዳራሹ ግራና ቀኝ አሰቅሎ፥ 13 ደንቦች ጽፎ፥ 18 ተማሪዎቹን በሁለት ወገን ከፍሎ አጫወታቸው። ቅርጫቶቹ ድፍን ነበሩና ኳሱ በገባ ቍጥር በመሰላል እየወጡ ያወርዱት ነበር። ደንቦቹም መግፋትን፥ መጎተትንና መማታትን የሚከለክሉ ነበሩ። እንግዲህ የጨዋታው አሳብ ወጣቶችን ማጎልመስና ማረም ነበር እንጂ ገንዘብ ማግኘት አልነበረም።

ይህ ጨዋታ ከከተሞች ሁሉ ይልቅ በኒው ዮርክ ሥር ሰደደ። ምክንያቱም ግልጥ ነው፤ ከባሕር ማዶ በስደት የመጡ ድኾች በጠባብ ሰፈር ታጭቀው ይኖሩ ነበርና፥ ልጆቻቸው ሰፊ ሜዳ አልነበራቸውም። ለቅርጫት ኳስ ግን አንድ ግድግዳ፥ አንድ ቀለበትና አንድ ኳስ ይበቃል። በዚያች ከተማ ሲቲ ኮሌጅ የሚባል፥ የትምህርት ዋጋ የማያስከፍልና የድኻ ልጅ በእውቀቱ የሚገባበት ኮሌጅ ነበረ። አባቱ ልብስ ሰፊ ወይም ተሸካሚ የሆነ ልጅ በዚያ ተምሮ ሐኪምና ዳኛ ይሆን ነበር። ስለዚህ የሰፈሩ ሰው የኮሌጁን ልጆች ሲጫወቱ ባየ ጊዜ የራሱን ልጅ ያየ ይመስለው ነበር።

በታኅሣሥ 1927 ዓ.ም. ኔድ አይሪሽ የሚባል ሰው ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን በተባለው ታላቅ አዳራሽ በአንድ ምሽት ሁለት የኮሌጅ ግጥሚያዎች ቢያዘጋጅ፥ ከ16 ሺሕ የሚበልጥ ሰው መጣ። ከዚያ ወዲህ አዳራሹ እየሞላ ሄደ፤ በ1930 እና በ1931 ዓ.ም. የአገሪቱ ኮሌጆች ሁሉ የሚወዳደሩባቸው ሁለት ታላላቅ ውድድሮች ተመሠረቱ። የኮሌጅ ልጆች ጨዋታ እጅግ ከመወደዱ የተነሣ፥ ኒክስ የሚባለው ደመወዝተኛ ቡድን በ1939 ዓ.ም. መጫወት በጀመረ ጊዜ፥ አዳራሹ ለተማሪዎቹ ሲያዝበት ወደ አንድ የጦር ሠራዊት አዳራሽ እየሄደ ይጫወት ነበር።

በመጋቢት 1942 ዓ.ም. ሲቲ ኮሌጅ ከእርሱ በፊትም ከእርሱም በኋላ ማንም ያላደረገውን አደረገ፤ ሁለቱንም ታላላቅ ውድድሮች በአንድ ዓመት አሸነፈ። የቡድኑ ልጆች የአይሁድ ስደተኞችና የጥቁር አሜሪካውያን ልጆች ነበሩ፤ መምህራቸውም ናት ሆልማን ይባል ነበር። ጥቁር ተጫዋች የማያስገባውን የኬንታኪን ገናና ቡድን 89 ለ 50 አሸነፉት። ብራድሊ የተባለውንም ኮሌጅ በመጀመሪያው ፍጻሜ 69 ለ 61፥ በሁለተኛው 71 ለ 68 ረቱት። ከተማዋም እንደ ሠርግ ቤት ሆነች፤ የድኻው ሰፈር ሁሉ «የእኛ ልጆች» አለ።

ክቡራን ሆይ፥ ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ነገር ስንጽፍ እጃችን ይከብደናል።

በጥር 1943 ዓ.ም. በዚያው ከተማ በሌላ ኮሌጅ ጁኒየስ ኬሎግ የሚባል ጥቁር ወጣት ተማሪ ነበረ። ይህ ልጅ ድኻ ነበር። የቀድሞ የቡድን ጓደኛው ወደ እርሱ ቀርቦ፥ በአንድ ግጥሚያ አቅሙን ቢቀንስ 1000 ዶላር እንደሚሰጠው ነገረው። ልጁ ግን ገንዘቡን አልተቀበለም፤ ሄዶም ለአሠልጣኙ ተናገረ፤ ነገሩም ወደ ፖሊስ ደረሰ። ፍራንክ ሆጋን የተባለው ዐቃቤ ሕግ ምርመራውን ሲያጠብቀው፥ በየካቲት ወር የሲቲ ኮሌጅ ልጆች ከፊላደልፊያ ግጥሚያ በባቡር ሲመለሱ ጣቢያው ላይ ተያዙ። ምርመራው እየሰፋ ሄዶ የ7 ኮሌጆች ከ30 የሚበልጡ ተጫዋቾች ተገኙበት። ከዚህም በላይ አንዳንዶቹ ተጫዋቾች ወደ ሲቲ ኮሌጅ ይገቡ ዘንድ የትምህርት መዝገባቸው ተለውጦ እንደ ነበር ታወቀ።

የጉቦውን መንገድ ወላጆች ሁሉ እንዲያስተውሉት እንለምናለን። አወራራጆቹ «ማን ያሸንፋል?» ብለው ብቻ አያወራርዱም ነበር፤ «ይህ ኮሌጅ ያንን በ10 ነጥብ ይበልጣል» ብለው አስቀድመው ልክ ይቆርጣሉ። በጠንካራው ቡድን ላይ ገንዘቡን ያስያዘ ሰው የሚረታው፥ ቡድኑ ከ10 ነጥብ በላይ ሲበልጥ ነው። ልዩነቱ ከዚያ ካነሰ ግን በተቃራኒው ያስያዘው ይረታል። ስለዚህ ጉቦ ሰጪው ወደ ልጁ ቀርቦ «ተሸነፉ አልልህም፤ በ10 ፈንታ በ6 አሸንፉ» ይለዋል። ልጁም «ኮሌጄ አሸንፏል፤ ማንንስ በደልሁ?» እያለ ኅሊናውን ያስተኛል። ጨዋታውን መሸጥ እንዲህ ባለ ትንሽ በር ገባ።

ይህን ክፍል ባነበብን ጊዜ መጽሐፉን ዘግተን ብዙ ቆየን፤ የገዛ ራሳችንን ነገር አስታውሶናልና። በወጣትነታችን በአንድ ፍርድ ቤት መዝገብ ጠባቂ ሆነን በገባንበት ዘመን፥ አንድ ባለጉዳይ አንድ ገንቦ ማር ወደ ቤታችን ላከ። ፍርድ እንድናጣምም አልለመነንም፤ ያን ለማድረግ ሥልጣኑም አልነበረንም። የለመነን መዝገቡ ለቀጠሮው ቀን እንዳይቀርብ ብቻ ነበር። እኛም «ፍርድ አልሸጥሁም፤ ቀን ብቻ ነው» ብለን መዝገቡን ከሌላ መዝገብ ሥር አኖርነው። በቀጠሮው ቀን ከወገራ በእግሯ የመጣች አንዲት መበለት ከችሎቱ በር ቆማ ዋለች። ማታ መዝገቧ እንዳልቀረበ ስንነግራት አልተቆጣችም፤ «የእግዜር ፈቃድ ይሆናል» ብላ መቀነቷን አጥብቃ ሄደች። ብትሰድበን ይሻለን ነበር። በሚቀጥለው ቀጠሮ መዝገቧን ከሁሉ በፊት አቀረብን፤ ገንቦውንም መለስን። ነገር ግን ያች ሴት በከንቱ የሄደችውን መንገድ ማን ይመልስላታል? በዚያ መሥሪያ ቤት ይህን ያወቀ አልነበረም፤ ለቤተ ሰባችንም ስንናገረው ይህ የመጀመሪያችን ነው።

ስለዚህ በእነዚያ ልጆች ላይ ድንጋይ ልንወረውር አንችልም። አብዛኞቹ የእስራት ቅጣታቸው በገደብ ተይዞ ሲለቀቁ፥ ጥቂቶቹ ወኅኒ ወረዱ፤ ከደመወዝተኞቹ ማኅበርም ለዘለዓለም ታገዱ። የ20 ዓመት ልጅ በጥቂት ገንዘብ ስሙን ሸጠ፤ በኋላ ግን በምንም ዋጋ ሊገዛው አልቻለም።

ከተማዋስ ምን ሆነች? የሲቲ ኮሌጅ አለቆች ቡድናቸው በታላቁ አዳራሽ እንዳይጫወት ከለከሉ፤ ዛሬ የሚወዳደረው ከትንንሾቹ ኮሌጆች ተርታ ነው። ሎንግ አይላንድ የተባለው ኮሌጅም ለስድስት ዓመት ያህል ጨዋታውን ጨርሶ ዘጋ። ከ1942 ዓ.ም. ወዲህ የአገሪቱ የወንዶች ኮሌጅ ታላቅ ውድድር ፍጻሜ በዚያ አዳራሽ ተደርጎ አያውቅም። ተመልካቹ ቅርጫት ኳስን አልጣለም፤ በተማሪዎቹ ላይ የነበረውን እምነት ግን አጣ። ኳስ ሲሳት በተመለከተ ጊዜ «ተሳተው ወይስ ተከፈለው?» እያለ በልቡ መጠየቅ ጀመረ።

ነገር ግን በእውነት ለመመስከር፥ የፍቅሩ መቀነስ ከጉቦው ብቻ የመጣ አይደለም። ደመወዝተኛው የኒክስ ቡድን እየበረታ ሄዶ በ1962 እና በ1965 ዓ.ም. የአገሪቱ አሸናፊ ሲሆን፥ የከተማው ልብ ወደ እርሱ ዞረ። የከተማዋ ጐበዛዝትም ወደ ሩቅ ኮሌጆች ይሄዱ ጀመር፤ በኋላ ከሪም አብዱል ጀባር የተባለው ረጅሙ ልጅ በ1957 ዓ.ም. ከኒው ዮርክ ወጥቶ የካሊፎርኒያን ኮሌጅ መረጠ። ልጁ የሌለበትን ሠርግ ደግሞ ማን ይታደማል?

ፍቅሩ ጨርሶም አልጠፋም። በ1977 ዓ.ም. ሴንት ጆንስ የተባለው የከተማዋ ኮሌጅ ከአገሪቱ አራት ምርጦች አንዱ በሆነ ጊዜ አዳራሹ እንደ ገና ሞላ። ይኸው ኮሌጅ ከብዙ ዓመታት ዝምታ በኋላ በ2017 ዓ.ም. የክፍሉን ውድድር በዚያው አዳራሽ አሸንፎ ከተማዋን አስደሰተ። ሆኖም የ1942ቱ ፍቅር፥ ድኻው ሁሉ «የእኛ ልጆች» ያለበት ፍቅር፥ በዚያ መጠን አልተመለሰም።

አሁን ወደ ቀሐ እንመለስ። ያ ነውር በተገለጠበት በ1943 ዓ.ም. በአገራችን በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተከፈተ። በ1947 ዓ.ም. ደግሞ፥ ወባ በደምቢያ ብዙ ሰው ከፈጀ በኋላ፥ በዚህ በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተመሠረተ፤ እርሱም እያደገ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። እንግዲህ የኮሌጅ ልጅ የአባቱ ልጅ ብቻ አይደለም፤ ታሞ የሚጠብቀው ሕዝብም ልጅ ነው። ባለፉት ዓመታት ግን በከተሞቻችን የኳስ ውርርድ ቤቶች በዙ። በእጅ ስልክም ሳይቀር ተማሪው ስለ ባሕር ማዶ ግጥሚያ ገንዘብ ያስይዛል። ዛሬ የሚወራረደው ስለ ሌላ አገር ተጫዋች ነው፤ ነገ ግን ስለ ጓደኛው፥ ከነገ ወዲያም ስለ ራሱ ጨዋታ እንዳይወራረድ ምን ዋስ አለን?

ስለዚህ ለወላጆች የምንመክረው ይህን ነው። ልጃችሁ ቢጫወት አትከልክሉት፤ የከለከላችሁትን ተደብቆ ያደርገዋልና። ይልቁንም አንድ ቀን ሄዳችሁ ከሜዳው ዳር ቆማችሁ ተመልከቱት፤ አባቱ ያየውን ጨዋታ ልጅ በቀላሉ አይሸጠውም። የኪሱን ገንዘብ በፍቅር ጠይቁት፤ ምንጩን መናገር ካፈረበት ግን ቸል አትበሉ። ክፉ ነገር በጠላት እጅ ብቻ እንደማይመጣም ንገሩት፤ ለኬሎግ ጉቦውን ያመጣለት ጓደኛው ነበርና። ከሁሉም በላይ «ትንሽ ነው፤ ማንንም አይጐዳም» የሚለውን ቃል ከቤታችሁ አስወጡ፤ እኛ ራሳችን በዚያ ቃል ወድቀናልና።

ያ ኬሎግ የተባለው ልጅ በ1946 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ሰውነቱ ሽባ ሆነ። ነገር ግን በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው ቅርጫት ኳስ የሚጫወቱ ሰዎችን እያሠለጠነ ብዙ ዘመን ኖረ። እግሩን አጣ እንጂ ስሙን አላጣም።

ቀጠሮው በደረሰ ጊዜ ይህን ሁሉ ለሽማግሌው ነገርናቸው፤ የማሩንም ነገር ሳንደብቅ። እርሳቸውም ብዙ ዝም ካሉ በኋላ ምርኵዛቸውን አንሥተው፥ «እንግዲያስ ሐሙስ እንሂድና እንየው፤ አንተም አብረኸኝ ትሄዳለህ፤ ደንቡን አላውቀውምና ታስረዳኛለህ» አሉን። እኛም እሺ ብለናል። እግዚአብሔር የልጆቻችንን ጉልበትም ስምም ይጠብቅልን።